በእህቴ ትከሻ ላይ ያሉት አምስት መስመሮች

እሑድ ሰኔ ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሼፈርድስ ቡሽ አጠገብ በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የእህቴ ነጠላ ከግራ ትከሻዋ ተንሸራተተ። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ታይላንድ የተነቀሰችውን አዩት። ነጠላውን መልሳ እስክትለብስ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በቂ ነበር።

እኔ በወንዶቹ በኩል ስለነበርኩ ይህን አላየሁም። ያየሁት ከቅዳሴ በኋላ የሆነውን ነው። ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሻይ እየተቀዳ ሳለ የሴቶቹ ማኅበር መሪ የሆኑት አሮጊት ወደ እህቴ መጡ። እኚህ ሴት ለንደን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ፣ የማን የስደት ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ያውቃሉ። ለታመመ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ፤ የሄዱበትንም ቤት በደንብ አይተው ይመለሳሉ።

«ያ ትከሻሽ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉ። «ልጄ» ያሉበት ድምፅ ልጅ የሚጠራበት አልነበረም።

«ንቅሳት ነው፣ እማማ።»

«ንቅሳትማ አውቃለሁ።» አንገታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ ረድፍ ረድፉን የወረደ፣ በልጅነታቸው ጎንደር የተነቀሱት ንቅሳት አላቸው። ግንባራቸው ላይም መስቀል አለ። «ይሄ ጌጥ ነው። ያንቺ ጽሑፍ ነው። አምስት መስመር ቆጥሬአለሁ።»

«ጸሎት ነው። የሰላምና የርኅራኄ ጸሎት።»

«በማን ቋንቋ?»

«በጥንት ቋንቋ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

እህቴ ነጠላዋን ይበልጥ ሳበችው።

አሮጊቷ አሁን ለእህቴ ሳይሆን ለአዳራሹ መናገር ጀመሩ። «እንዲህ ያለ መስመር፣ ጫፍ ጫፉ ላይ የተጠቀለለ ነገር ያለበት፣ ደብተራ ብራና ላይ የሚጽፈው ነው። ጠልሰም ነው። ሌላ ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ አባቴ ቤት ነበረ። አሁን ይቺ ናት ቅዳሜ ልጅ ከውኃ የምታነሣው?»

አንዷ ሴት «ማርያም ትጠብቀን» አለች። ሌላዋ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ከእህቴ አጠገብ ተነሣችና ራቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቅዳሜ የእህቴ የቅርብ ጓደኛ ልጅ ሰማንያ ቀን የምትሞላበት ዕለት ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና እናቷ እንድትሆን የተመረጠችው እህቴ ናት። ሁለቱ ለንደን እንደገቡ ኪልበርን አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ሆቴል እያጸዱ የኖሩ ናቸው። የልጅቱ አባት ቪዛ ስላላገኘ አዲስ አበባ ነው ያለው። ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት አብራት ያደረችው እህቴ ናት፤ እትብቱንም አዋላጇ መቀሱን ሰጥታት የቆረጠችው እሷ ነች። እህቴ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅ የላትም፤ እንደማይኖራትም ሐኪም ነግሯታል። ይህን ከእኔና ከጓደኛዋ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቄሱ ተጠርተው መጡ። በሳምንቱ መሐል የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ጭቅጭቅ የማይወዱ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ወገን ቆመው ሰሙ።

«መጀመሪያ ምን እንደሚል ይታወቅ» አሉ። «የሰላም ቃል ከሆነ ነጠላ ይሸፍነዋል። ድግምት ከሆነ ግን አይሆንም። የክርስትና እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ሰይጣንን ትክዳለች። ስለ ሕፃኗ ሆና ነው የምትናገረው። ሌላ ነገር ጀርባዋ ላይ ተሸክማ እንዲያ ልትል አትችልም።» እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጡ።

ከእህቴ ጋር ሃርልስደን ወዳለው ቤቷ በአውቶቡስ ሄድን። እሷ ራሷ የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ተሳፋሪ ስትሆን የሚነዳውን ሰው ፍሬን አያያዝ ትከታተላለች እንጂ ወሬ አትወድም። ቤት ስንገባ በሩ ሳይዘጋ እኔ ጀመርኩ።

«ማንበብ የማትችይውን ነገር ጀርባሽ ላይ አስጽፈሽ መጣሽ።»

«ስንት ሰው የባንክ ውል ሳያነብ ይፈርማል?»

«እኔ አነባለሁ።»

«አዎ፣ አንተ ታነባለህ። የሻምፖ ጠርሙስ ላይ ያለውንም ታነባለህ።»

«የጉዞውን ወረቀት አምጪው።»

ከመሳቢያ አውጥታ ወረወረችልኝ። ባለቀለም፣ አራት ቦታ የሚታጠፍ ወረቀት ነው። ርእሱ «ከጩኸት ወደ ዝምታ» ይላል። የአሥራ አራት ቀን መንፈሳዊ ጉዞ፤ በሰሜን ታይላንድ ገዳም ማደር፣ በጽሞና መቀመጥ፣ ከመነኮሳት ቡራኬ መቀበል፣ ለፈለገ የተቀደሰ ንቅሳት። የዕለቱ ፕሮግራም በሠንጠረዥ ተቀምጧል። የዘጠነኛው ቀን ላይ ቁርስ፣ ዝሆን መጎብኘት፣ ንቅሳት፣ ምሳ ይላል።

«ከዝሆን ቀጥሎ» አልኳት።

«ሳቅ። አንተ መቼም ያልሳቅህበት ነገር የለም።»

«አልሳቅሁም።»

«እሱማ ይብሳል!»

ያን ጉዞ የሄደችው በጥር ነው። ከዚያ በፊት፣ በኅዳር፣ አንድ ሰው አውቶቡሱ ሞልቶ ስላልጫነችው በሹፌር መስታወቱ ክፍተት በኩል ፊቷ ላይ ተፋባት። በማግስቱ እዚያው ማቆሚያ ላይ ጠበቃት። በሦስተኛውም ቀን ጠበቃት። ፖሊስ የክስ ቁጥር ሰጣት፤ አለቃዋ መስመር ቀየረላት፤ እኔ ሪፖርቱን እንድትጽፍ ረዳኋት። ጥሩ ሪፖርት ነበር። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ነገረቻቸው፤ ጸበል ጠጪ አሏት፤ ጠጣች። ከዚያ ይህን ወረቀት ኢንተርኔት ላይ አገኘችው።

«እዚያ ሄጄ ምን እንዳደረግሁ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም። ንጋት ላይ ደወል ይደወላል፣ ሄደህ ትቀመጣለህ። ጉልበቴን አመመኝ። በስድስተኛው ቀን ተኛሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ። ከኅዳር ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ከዚያ ነቃሹ ሽማግሌ በረዥም ብረት መርፌ ወጋኝ፣ አመመኝ፣ ደስ አለኝ። አስተርጓሚያችን ርኅራኄ ነው፣ ሰላም ነው አለችን። ለምን አላምናትም?»

«እንድታስተረጉም የሚከፍላት አስጎብኚው ነዋ።»

«እሺ፣ አንተ ሥራህ አይደል? ቼክ አድርግልኝ። ምን እንደሚል አውጣና ለአባ ንገርልኝ። ከእኔ አያምኑም፣ ከአንተ ያምናሉ። አሮጊቷም አፏን ትዘጋለች።»

ዜና ስጽፍ የኖርኩት ሃያ ስምንት ዓመት ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እዚህ። አንድን ነገር ሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች ካላረጋገጡልኝ አልናገርም። ካረጋገጡልኝ ደግሞ አልደብቅም። ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም ደገምኩላት።

«ያገኘሁትን ነው የምናገረው። የሚጥምሽን አይደለም። ይግባሽ።»

«ርኅራኄ ነው እልሃለሁ፣ ጋሼ! ንገራቸው በቃ።»

ዘወር ብላ የሸሚዟን ኮሌታ ወደታች ሳበችልኝ። ትከሻዋ ላይ ቀጥ ብለው ወደታች የወረዱ አምስት የጥቁር ቀለም መስመሮች ናቸው፤ ፊደሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ምልክት አለ። አሮጊቷ ለምን ጠልሰም እንዳሉት ለመረዳት አልተቸገርኩም። በስልኬ ስድስት ፎቶ አነሣሁ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ለንደን ወዳለ የታይላንድ ሰዎች ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ያነጋገሩኝ መነኩሴ ስልሳ የሚሆናቸው፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ጋዜጠኛ እንደሆንኩ፣ የመጣሁት ግን ለቤተሰብ ጉዳይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን በጣታቸው አሰፉት።

«ይህን ብዙ ጊዜ ያሳዩኛል» አሉ። «ከሽርሽር የተመለሱ ሰዎች። ከተነቀሱ በኋላ ነው ትርጉሙን የሚጠይቁት፤ ከመነቀሳቸው በፊት የመጣ አንድም ሰው አላየሁም።»

«ምን ይላል?»

«ቃል በቃል የሚተረጎም አይደለም። እያንዳንዱ መስመር የሚሠራው ሥራ አለው ተብሎ ይታመናል። የመጀመሪያው ክፉ መንፈስን ከቤት ያባርራል። ሁለተኛው መጥፎ ኮከብን ይገለብጣል። ሦስተኛው ሰው ከሚያደርግብህ ድግምት ይጠብቃል። አራተኛው ዕድል ይሰጣል። አምስተኛው ሰው እንዲወድህ ያደርጋል።»

«ስለ ርኅራኄ የሚል አለ?»

«የለም።»

«ስለ ሰላም?»

«የለም። ይህ ቡድሃ ያስተማረው ትምህርት አይደለም። የአገሩ ልማድ ነው። ከእኛ መነኮሳት የሚሠሩት አሉ፤ እኔ አልሠራም። ርኅራኄ የፈለገ ሰው መቀመጥ ነው ያለበት፤ በመርፌ አይገባም።»

«ተቀምጣለች» አልኳቸው። «አሥራ አራት ቀን።»

«እሱ መልካም ነው። ለምን ታዲያ በዚያ አላበቃችም?» ስልኩን መለሱልኝ። ፊታቸው ላይ ሰልቸት ያለ ነገር ነበር። «በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም?»

«አለ። ብራና ላይ ይጻፍና በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል።»

«እንግዲያው ሰዎችዎ ሲያዩት ያውቁታል።»

«ያውቁታል። ችግሩም እሱ ነው።»

ሁለተኛዋ ምንጬ ኪልበርን የእስያ ምግብ የምትሸጥ ታይላንዳዊት ናት። እህቴ ከጉዞው ይዛው የመጣችው፣ በታይ ቋንቋ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ወስጄ አሳየኋት። ከሩዝ ከረጢት ላይ ተደግፋ አነበበችው። የነቃሹ ትእዛዝ ነው አለችኝ፤ የተነቀሰ ሰው ወላጆቹን እንዳይሰድብ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ሥር እንዳያልፍ። ከታች የመስመሮቹ ሥራ በየተራ ተጽፏል። ሳልጠይቃት አነበበችልኝ። አምስቱንም ከመነኩሴው ጋር አንድ ዓይነት ነው የተናገረችው።

«ኃይለኛ ነው» አለችኝ። «እናቴም አላት። በገመድ ሥር አልፋ ታውቃለች እህትህ?»

እንደማላውቅ ነገርኳት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እህቴን የአውቶቡሱ መስመር መጨረሻ ላይ አገኘኋት። አሥራ ሁለት ደቂቃ እረፍት ነበራት። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች። ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ መነኩሴውን፣ ባለሱቋን፣ አምስቱን መስመሮች። ሳንድዊቹን ጠቀለለችው።

«ድግምት ነው ልትላቸው ነው?»

«ከድግምት ይጠብቃል ተብሎ የሚታመን ጽሑፍ ነው እላቸዋለሁ። ርኅራኄ የሚል ቃል የለበትም እላቸዋለሁ።»

«ያው ነው እኮ ለእነሱ!»

«ያው ከሆነ እነሱ ይበሉት።»

«አራተኛውን ብቻ ንገራቸው። ለመልካም ዕድል ነው በል። ውሸት አይደለም።»

«አራቱን ደብቄ አንዱን መናገር ውሸት ነው።»

«እንግዲያው ምንም አትበል። አልደረስኩበትም በል። ቅዳሜ ትለፍ።»

«ደርሼበታለሁ። ብትፈልጊ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። እኔን ከጠየቁኝ ግን እናገራለሁ።»

ተነሣች። የሥራ ጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋችው። «አንተ ሰው አይደለህም፤ ጋዜጣ ነህ። ያ ሰውዬ ሲተፋብኝ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«ሪፖርት ጻፍክልኝ። ስደውልልህ፣ ፊቴን ጠርጌ ሳልጨርስ ሰዓቱን ጠየቅኸኝ፤ ስንት ሰዓት ላይ ነው አልከኝ! ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአምስት ነበር።

«ሦስተኛው መስመር ከማን ነበር የሚጠብቀኝ ያልከው?»

«ክፉ ከሚያደርግብሽ ሰው።»

«አልሠራም በላቸው» አለችና ወደ መሪው ሄደች። ስወጣ በሩ ተዘጋ። እረፍቷ ገና ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ቄሱ ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉ። እህቴ ወደ እሳቸው አልሄደችም ነበር። አምስቱንም ነገርኳቸው። ገዳም ውስጥ ተቀምጣ እንደሰነበተች፣ ለሌላ አምልኮ እንዳልሰገደች፣ የተነቀሰችው የነገሯትን በማመን እንደሆነም ጨመርኩ፤ ይህንንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ እኔ አላረጋገጥኩም አልኳቸው።

«ስለ ጽሑፉ እርግጠኛ ነህ?»

«በሁለት ሰው።»

«እንግዲህ ትምጣና ንስሐ ትግባ። ቀኖና እሰጣታለሁ፤ ከባድ አላደርገውም። ቅዳሜ ግን አይሆንም።»

ይህን ለእህቴ በጽሑፍ ላክሁላት። «ንስሐ የሚያስገባ ምንም አላደረግሁም» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሣችም።

ዓርብ ጠዋት የሕፃኗ እናት ደወለች። ከበስተጀርባዋ ልጅቱ ታለቅሳለች።

«ጋሼ፣ ለምን ነገርካቸው?»

«እህቴ አጣራ አለችኝ። እሳቸው ጠየቁኝ።»

«እኔ ግን አልጠየቅሁህም። ልጅቷ የእኔ ናት። ንቅሳቱን በጥር አይቼዋለሁ፤ ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዋን አሽቼላታለሁ። ምን ይላል ብዬ አልጠየቅሁም።»

«አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን ላድርግ? ከወለድኩ ጀምሮ ምግብ የሚያመጡልኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ስገባ ልጄን የሚይዙልኝ እነሱ ናቸው። ብጣላቸው አንተ መጥተህ ትይዝልኛለህ?»

«ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?» አልኳት።

«አየህ» አለች። «እሱንም አጣራው።» ስልኩን ዘጋችው።

ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሰው ነገረኝ፤ ሕፃኗን እኔ አነሣለሁ ያሉት አሮጊቷ ናቸው። ማንም እንዳልጠየቃቸው፣ ራሳቸው እናትየው ቤት ድረስ ሄደው እንደተናገሩ ሰማሁ። ይህን ከአንድ ሰው ብቻ ስለሰማሁ ወደ እናትየው ደወልኩ። አላነሣችም። «እውነት ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። «አዎ» ብላ መለሰች።

ቅዳሜ ሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥርዓቱ ተጀመረ። አሮጊቷ ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ታቅፈው ወደ ምዕራብ ዞሩ። ቄሱ ያሏቸውን ጮክ ብለው፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ መለሱ። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት አለቀሰች። ከውኃ ያነሧት እሳቸው ናቸው፤ ማዕተቧም ሲታሰር እሳቸው ይዘዋታል።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ዞር ስል እህቴን በሩ ላይ አየኋት። የሥራ ደንብ ልብሷን ነበር የለበሰችው፤ ነጠላ አልያዘችም። አልገባችም። እናትየው አይታታለች፤ ወደ በሩ ሁለት ጊዜ ስትመለከት አይቻለሁ። አልጠራቻትም። አሮጊቷም አይተዋታል፤ ሕፃኗን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩና ጀርባቸውን ሰጡ። እህቴ ሕፃኗ ቅዱስ ቁርባን እስክትቀበል ድረስ ቆመች። እኔ እስክወጣ ሄዳ ነበር። የዚያን ቀን ፈረቃዋ አራት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ከሥራ ባልደረባዋ አረጋግጫለሁ።

የክርስትናው ወረቀት የተሞላው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጸሐፊው ሲፈርም አጠገቡ ቆሜ ነበር። የክርስትና እናት በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የአሮጊቷ ስም ነው።